አሰልጣኝን መልሶ መቅጠር፦ ከዋንጫው ቁጥር በፊት የስንብቱ ምክንያት

የፖርቹጋሉ የእግር ኳስ ክለብ ቤንፊካ በሴፕቴምበር 2025 አሰልጣኝ ጆዜ ሞሪንሆን ለሁለተኛ ጊዜ ቀጥሯል። አሰልጣኙ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚሁ ክለብ የተቀጠሩት በሴፕቴምበር 2000 ሲሆን፣ በወቅቱ ቡድኑን የመሩት በ11 ጨዋታዎች ብቻ ነበር። በሁለቱ ቅጥሮች መካከል 25 ዓመታት አልፈዋል። ያኔ የ37 ዓመት ጀማሪ ዋና አሰልጣኝ የነበሩት ሞሪንሆ፣ ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫን ያነሱ የ62 ዓመት ሰው ሆነው ነው የተመለሱት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክለቦች ያሰናበቷቸውን አሰልጣኞች መልሰው መጥራታቸው አዲስ ነገር አይደለም። ለሞሪንሆ ቦታውን የለቀቁት ብሩኖ ላጅ ራሳቸው ተመላሽ ነበሩ። ላጅ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ቤንፊካን አሰልጥነው በዚያው ዓመት የሊጉን ዋንጫ ካስገኙ በኋላ በ2020 የተለያዩ ሲሆን፣ በሴፕቴምበር 2024 እንደገና ተቀጥረዋል። ቡድኑ በሜዳው 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ በአዘርባጃኑ ቃራባግ 3 ለ 2 በተሸነፈ ጊዜ ግን ሁለተኛው ዘመናቸው በአንድ ዓመቱ አብቅቷል። በመሆኑም ክለቡ አንዱን ተመላሽ አሰናብቶ ሌላውን ተመላሽ ተክቷል ማለት ነው።

እንዲህ ዓይነት ቅጥር በተሰማ ቁጥር በመገናኛ ብዙኃንም ሆነ በደጋፊዎች ዘንድ የሚነሳው ጥያቄ አሰልጣኙ የቀድሞ ድላቸውን ይደግማሉ ወይስ አይደግሙም የሚል ነው። የዋንጫዎቻቸው ቁጥር ይዘረዘራል፣ የድሮ ፎቶግራፎች ይወጣሉ፣ ደጋፊውም ወጣትነቱን ያስታውሳል። ይሁን እንጂ ያለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ተሞክሮ ሲፈተሽ፣ ለሁለተኛው ዘመን ዕጣ ፈንታ ከዋንጫዎቹ ብዛት ይልቅ የሚመዝነው ሌላ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም አሰልጣኙና ክለቡ መጀመሪያ ለምን ተለያዩ? ያ ምክንያትስ በውልና በአሠራር ተፈትቷል ወይ? የሚለው ነው።

የቤንፊካ የ2000ው ታሪክ ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ሞሪንሆን የቀጠሯቸው በወቅቱ የክለቡ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዦአው ቫሌ ኤ አዜቬዶ ሲሆኑ፣ ቦታውን የተረከቡትም ከጀርመናዊው ዩፕ ሄይንክስ ነበር። ቤንፊካ ፕሬዚዳንቱን በአባላቱ ድምፅ የሚመርጥ ክለብ ነው። ቅጥሩ ከተፈጸመ ከሳምንታት በኋላ በተካሄደው ምርጫ ቫሌ ኤ አዜቬዶ ተሸነፉና ማኑዌል ቪላሪንሆ አሸነፉ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ደግሞ በምርጫ ዘመቻቸው ለአሰልጣኝነት ያሰቡት ሰው የቀድሞውን አሰልጣኝ ቶኒን እንደነበር የታወቀ ነበር። ሞሪንሆ ቡድናቸው በዲሴምበር መጀመሪያ የከተማ ተቀናቃኙን ስፖርቲንግን 3 ለ 0 ካሸነፈ በኋላ ውላቸው እንዲራዘምላቸውና የአዲሱ አመራር እምነት በጽሑፍ እንዲረጋገጥላቸው ጠየቁ። ጥያቄው ተቀባይነት ባለማግኘቱ ሥራቸውን ለቀቁ። ተተኪ ሆነው የመጡት ቶኒ ሲሆኑ፣ ለእርሳቸውም ሦስተኛ ዘመናቸው መሆኑ ነበር። ቤንፊካ ያን ዓመት ሊጉን በስድስተኛ ደረጃ አጠናቀቀ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአሰልጣኙ ችሎታ አንድም ጊዜ የክርክር ነጥብ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። መለያየቱን ያመጣው ቀጣሪው ክፍል ተለውጦ ሳለ የተቀጣሪው ዋስትና ባለበት መቅረቱ ነው። ሞሪንሆ ከዚያ በኋላ በኡንያው ሌሪያ በኩል አልፈው በ2002 ወደ ፖርቶ አቀኑ። በ2003 የዩኤፋ ዋንጫን፣ በ2004 ደግሞ የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሱ። ከ1994 በኋላ የሊግ ዋንጫ ያላገኘው ቤንፊካ ግን እስከ 2005 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆኖበታል።

በአገራችን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ለሚከታተለው በርካታ ተመልካች ይበልጥ የሚታወቀው የሞሪንሆና የቼልሲ ጉዳይ ነው። አሰልጣኙ በ2004 ወደ ለንደን ሲመጡ ቼልሲ የሊግ ዋንጫን ካነሳ 50 ዓመት ሊሞላው ነበር። በመጀመሪያው ዓመታቸው በ95 ነጥብና 15 ግብ ብቻ ተቆጥሮበት፣ በሁለተኛው በ91 ነጥብ ሻምፒዮን አደረጉት። በ2007 የኤፍ ኤ ካፕንና የሊግ ካፕን አክለውለታል። ሆኖም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ቡድኑ በሜዳው ከኖርዌዩ ሮዘንቦርግ ጋር 1 ለ 1 በወጣ በሁለተኛው ቀን ከክለቡ ተለያዩ።

በወቅቱ የተሰጠው መግለጫ «በጋራ ስምምነት» የሚል ነበር። ከመግለጫው ጀርባ ያለው ግን የሥልጣን ጥያቄ ነው። የክለቡ ባለቤት ሮማን አብራሞቪች በ2006 አጥቂውን አንድሬ ሼቭቼንኮን 30 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አውጥተው ማስመጣታቸው፣ በ2007 ክረምት ደግሞ አቭራም ግራንት የእግር ኳስ ዳይሬክተር ተደርገው መሾማቸው አሰልጣኙ ብቻቸውን ይወስኑበት የነበረውን ክልል አጥብቦታል። ሞሪንሆ በሄዱ ዕለት ቦታቸውን የያዙትም እኒሁ ዳይሬክተር ነበሩ።

በቀጣዮቹ ስድስት ዓመታት ቼልሲ ግራንትን፣ ስኮላሪን፣ ሂዲንክን፣ አንቸሎቲን፣ ቪላስ ቦአስን፣ ዲ ማቴዮንና ቤኒቴዝን አፈራርቋል። ክለቡ አልከሰረም፤ በ2010 የሊጉንና የኤፍ ኤ ካፕን ዋንጫዎች ደርቦ ወስዷል፣ በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። ይህ አኃዝ ደጋፊው ሞሪንሆን ይናፍቅ የነበረው በዋንጫ ረሃብ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። ናፍቆቱ የመረጋጋት ናፍቆት ነበር ማለት ይቀላል።

በጁን 2013 ሲመለሱ አሰልጣኙ ራሳቸውን «ደስተኛው» ብለው አስተዋውቀዋል። የአራት ዓመት ውል ፈርመዋል፤ የተጫዋቾች ግዢ በቴክኒክ ዳይሬክተሩ በማይክል ኤሜናሎ በኩል የሚያልፍበትን አሠራርም ተቀብለዋል። በመጀመሪያው ዓመት ሦስተኛ ሆኑ። በሁለተኛው ዓመት ዲዬጎ ኮስታና ሴስክ ፋብሪጋስ ተጨምረውላቸው በ87 ነጥብ ሊጉን አሸነፉ፤ በሊግ ካፕ ፍጻሜም ቶተንሃምን 2 ለ 0 ረቱ። እስከዚህ ድረስ ሁለተኛው ዘመን የተሳካ ነበር፤ ሁለተኛ ዘመን ሁሉ ይበላሻል የሚለው የተለመደ አባባልም ትክክል እንዳልሆነ ያሳያል።

በኦገስት 2015 ክለቡ እስከ 2019 የሚዘልቅ አዲስ ውል ሰጣቸው። ከማስታወቂያው በማግስቱ ቡድኑ ከስዋንሲ ጋር 2 ለ 2 ሲወጣ አሰልጣኙ ተጫዋች ለማከም ወደ ሜዳ በገቡት የክለቡ የሕክምና ባለሙያዎች ላይ በአደባባይ ተቆጡ። ከዚያ በኋላ የነበሩት አራት ወራት ለክለቡ እጅግ አስቸጋሪ ነበሩ። ከ16 ጨዋታዎች በዘጠኙ የተሸነፈው ሻምፒዮን ከወራጅ ቀጣናው በአንድ ነጥብ ብቻ ርቆ 16ኛ ደረጃ ላይ ሳለ፣ በዲሴምበር 17 አሰልጣኙ ተሰናበቱ። ኤሜናሎ ስለ ስንብቱ ሲያስረዱ በአሰልጣኙና በተጫዋቾቹ መካከል ግልጽ አለመግባባት እንደነበር ተናግረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። የ2007ቱ ችግር ከባለቤቱ ጋር የነበረ የውሳኔ ሥልጣን ሽሚያ ሲሆን፣ ክለቡ በ2013 ይህን በመዋቅር አስተካክሎ ነበር። የ2015ቱ ችግር የተነሳው ግን ከመልበሻ ክፍሉ ነው። ክለቡ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ደፍኖ ሁለተኛውን አላየውም። የአራት ዓመቱ ውል በተፈረመ በአምስተኛው ወር መፍረሱ፣ ውሉ የተሰጠው በመጪው ሥራ ላይ ተመሥርቶ ሳይሆን ለተገኘው ዋንጫ ሽልማት እንደነበር ያመለክታል። ለሽልማት የሚሆን ሌላ መንገድ መኖሩን የክለቡ አስተዳደር የሚያጣው አይመስልም።

ከሁሉም ይልቅ የሥልጣን ክፍፍል አለመጻፉ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል በሰነድ የተረጋገጠው ግን በኒውካስል ዩናይትድ ነው። ኬቨን ኪጋን ይህን ክለብ በፌብሩዋሪ 1992 ሲረከቡ ቡድኑ ወደ ሦስተኛው እርከን ሊወርድ ጫፍ ላይ ነበር። በ1993 ወደ ፕሪሚየር ሊግ አሳደጉት፤ በ1996 ሊጉን በ12 ነጥብ ሲመሩ ቆይተው በማንችስተር ዩናይትድ ተቀድመው ሁለተኛ ወጡ። በዚያው ክረምት አለን ሺረርን በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በሆነ 15 ሚሊዮን ፓውንድ አስመጡ። ክለቡ ወደ አክሲዮን ገበያ ለመግባት በሚዘጋጅበት በጃንዋሪ 1997 ግን ሥራቸውን ለቀቁ።

በጃንዋሪ 2008 የክለቡ አዲስ ባለቤት ማይክ አሽሊ ሳም አላርዳይስን አሰናብተው ኪጋንን መልሰው አመጡ። የከተማው ደጋፊ ደስታ ወሰን አልነበረውም። ከሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ በኋላ ደግሞ ዴኒስ ዋይዝ የእግር ኳስ ጉዳዮች ሥራ አስፈጻሚ ዳይሬክተር ተብለው ተሾሙ። በተጫዋች ግዢ የመጨረሻው ውሳኔ የማን ነው? የሚለው ጥያቄ ሲነሳ የክለቡ ኃላፊዎች ለሕዝብ የሰጡት መልስ የኪጋን ነው የሚል ነበር።

የዝውውር መስኮቱ በሚዘጋበት በኦገስት 2008 መጨረሻ ክለቡ ኡራጓያዊውን ኢግናሲዮ ጎንዛሌዝን ከስፔኑ ቫሌንሲያ በውሰት አስመጣ። ኪጋን ስለ ተጫዋቹ አያውቁም ነበር፤ በዩቲዩብ እንዲመለከቱት ተነገራቸው። ተመልክተውም አልፈለጉትም። ውሰቱ የተፈጸመው ለሁለት የደቡብ አሜሪካ የተጫዋች ወኪሎች ውለታ ለመዋል፣ ወደፊትም ከእነርሱ ጥቅም ለማግኘት እንደነበር በኋላ በቀረበው ማስረጃ ተገልጿል። ኪጋን በሴፕቴምበር 4 ቀን ለቀቁ። ሁለተኛው ዘመናቸው ስምንት ወር አልሞላም። ኒውካስል በዚያው የውድድር ዓመት መጨረሻ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ።

ጉዳዩ ለፕሪሚየር ሊጉ የአሰልጣኞች የግልግል ጉባዔ ቀርቦ በኦክቶበር 2009 ውሳኔ አግኝቷል። የኪጋን ውል የመጨረሻው ውሳኔ የእርሳቸው መሆኑን በግልጽ የሚናገር አንቀጽ አልነበረውም። የሚለው፣ በፕሪሚየር ሊግ ክለብ ለአንድ ሥራ አስኪያጅ የተለመዱትን ተግባራት እንዲያከናውኑ ነው። ክለቡ ይህን ክፍተት በመያዝ ኪጋን ከመፈረማቸው በፊት ሥልጣኑ የእርሳቸው አለመሆኑ ተነግሯቸው ነበር ሲል ተከራክሯል። ለሕዝብ የተሰጡት ተቃራኒ መግለጫዎች ከእውነታው ጋር እንደማይጣጣሙ አምኖ፣ ለሕዝብ ግንኙነት ሲባል የተነገሩ ናቸው በማለት አስረድቷል። ጉባዔው ክርክሩን አልተቀበለውም። አሠሪው ውሉን በመጣሱ ሠራተኛው ሥራውን ለመልቀቅ ተገዷል በማለት ለኪጋን 2 ሚሊዮን ፓውንድ ከነወለዱ እንዲከፈል ወስኗል።

የሥራ ዝርዝር መግለጫን ከመደበኛ ወረቀት ለይተው ለማያዩ ኃላፊዎች ሁሉ ይህ ውሳኔ ሊነበብ የሚገባው ነው። በውሉ ውስጥ አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ቢኖር ኖሮ፣ ኪጋን ወይ አይፈርሙም፣ ወይ ፈርመው አይለቁም ነበር። ክለቡ የፈለገው የሰውየውን ስም ነው፤ ስሙ በ1990ዎቹ የተገነባው ግን ክለቡ ሊሰጣቸው ባልፈለገው ሥልጣን ነበር።

በተቃራኒው የሚጠቀሰው የጀርመኑ ባየር ሙኒክ ነው። ዩፕ ሄይንክስ በ1989 እና በ1990 ለክለቡ የሊግ ዋንጫ ቢያስገኙም፣ በኦክቶበር 1991 በውጤት መጓደል ተሰናበቱ። ክለቡ ያን የውድድር ዓመት በአሥረኛ ደረጃ ጨረሰ። የክለቡ ዋና ሰው ኡሊ ሄነስ ሄይንክስን ማሰናበታቸው በሥራ ዘመናቸው ከሠሩት ስሕተት ሁሉ ትልቁ እንደነበር ከጊዜ በኋላ ደጋግመው ተናግረዋል። እዚህ ላይ አሠሪው የስንብቱን ምክንያት በራሱ ላይ መርምሮ ጥፋቱን የወሰደበት ሁኔታ ነው የሚታየው። በእግር ኳስ ዓለም ብዙም የተለመደ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የተከተሉት ቅጥሮች በሙሉ የጊዜ ገደባቸውና ዓላማቸው የታወቀ ነበር። በ2009 ሄይንክስ የተጠሩት ዩርገን ክሊንስማንን ተክተው ለአምስት ጨዋታዎች ብቻ ነበር። በ2011 በውል ተመለሱ። በ2012 ሊጉንም፣ የጀርመን ዋንጫንም፣ በገዛ ሜዳቸው የተካሄደውን የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜም አጡ፤ የመጨረሻውን የነጠቃቸው ቼልሲ ነው። ያኔ ቢሰናበቱ የሚያስገርም አልነበረም፤ ክለቡ ግን አላሰናበታቸውም። በጃንዋሪ 2013 ክለቡ በቀጣዩ ዓመት ፔፕ ጓርዲዮላ እንደሚተኳቸው አስታወቀ። ሄይንክስ የሚሄዱበት ቀን እየታወቀ በቀሩት ወራት ሊጉን በ91 ነጥብ፣ ሻምፒዮንስ ሊጉን በዌምብሌይ ዶርትመንድን 2 ለ 1 በመርታት፣ የጀርመን ዋንጫን ደግሞ ሽቱትጋርትን 3 ለ 2 በማሸነፍ ጠቅልለው ወሰዱ። በ2017 ካርሎ አንቸሎቲ ሲሰናበቱም በ72 ዓመታቸው ከጡረታ ተጠርተው ለአንድ የውድድር ዓመት ሠሩ፤ ሊጉንም አሸነፉ። ክለቡ እንዲቀጥሉ ቢፈልግም በተስማሙበት ጊዜ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

አንቸሎቲም በበኩላቸው የዚህ ታሪክ አካል ናቸው። ሪያል ማድሪድ በ2014 አሥረኛውን የአውሮፓ ዋንጫ ካመጡለት በኋላ በ2015 ዋንጫ የለም ብሎ አሰናበታቸው። በ2021 ከኤቨርተን መልሶ ሲቀጥራቸው በክለቡ አሠራር የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ተጫዋች የሚገዛው ያው ፕሬዚዳንት ፍሎረንቲኖ ፔሬዝ የሚመሩት አስተዳደር ነው። አሰልጣኙ ግን በማን ቤት፣ በምን ሕግ እንደሚሠሩ አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ ባልተሰጣቸው ሥልጣን ላይም አልተከራከሩም። በ2022 እና በ2024 ሊጉንና ሻምፒዮንስ ሊጉን ደርበው ወሰዱ። የብራዚል ብሔራዊ ቡድንን ለመያዝ የለቀቁት በሜይ 2025 ነው። በዚያው ክለብ በ2019 ተመልሰው በ2020 ሊጉን ያሸነፉት ዚነዲን ዚዳን ግን በ2021 ሲለቁ ክለቡ የሚገባቸውን እምነት እንዳልሰጣቸው ለጋዜጣ በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ አስታውቀዋል።

አሰልጣኙ ተመልሶ ክለቡ ራሱ የማይመለስበት አጋጣሚም አለ። ማሲሚሊያኖ አሌግሪ ከ2014 እስከ 2019 ለዩቬንቱስ አምስት የሊግ ዋንጫዎችን በተከታታይ አስገኝተው በ2021 ሲመለሱ ያገኙት ሌላ ተቋም ነበር። በኖቬምበር 2022 ፕሬዚዳንቱ አንድሬያ አኜሊና ቦርዱ በሙሉ ሥራቸውን ለቀቁ፤ በዚያው የውድድር ዓመት በሒሳብ አያያዝ ጥፋት ከክለቡ ነጥብ ተቀነሰ። አሌግሪ በሦስት ዓመት ያገኙት የ2024ን የጣሊያን ዋንጫ ብቻ ነው። ዋንጫውን ባነሱ በሁለተኛው ቀን ተሰናብተዋል።

ከእነዚህ ሁሉ አንጻር ሲታይ የቤንፊካ የ2025ቱ ቅጥር ካለፈው የተማረ ይመስላል። ሞሪንሆን የቀጠሩት ፕሬዚዳንት ሩይ ኮስታ ከ2000ው ቀጣሪ ጋር በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ እርሳቸውም በሳምንታት ውስጥ ምርጫ ይጠብቃቸው ነበር። ቅጥሩ ከምርጫው በፊት መፈጸሙ ድምፅ ለመሳብ ነው የሚል ትችት ቢነሳ የሚያስደንቅ አይሆንም። ውሉ ግን ከ25 ዓመት በፊት ያልነበረ ነገር ይዟል። እስከ 2027 የሚቆይ ሆኖ፣ የ2025/26 የውድድር ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ከተካሄደ በኋላ ባሉት አሥር ቀናት ውስጥ ክለቡም ሆነ አሰልጣኙ ውሉን ማቋረጥ እንዲችሉ ይፈቅዳል።

ይህ አንቀጽ በ2000 ሞሪንሆ ለጠየቁትና ለተከለከሉት ጥያቄ ዘግይቶ የተሰጠ ምላሽ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። አዲስ ፕሬዚዳንት ቢመረጥ የራሱን ሰው ለማምጣት የውድድር ዓመቱን ማፍረስ አያስፈልገውም፤ አሰልጣኙም በማይፈልጋቸው አመራር ሥር አይታሠሩም። በአንጻሩ አንቀጹ የመተማመኛ ብቻ ሳይሆን የመለያያ በርም ነው፤ ለሁለቱም ወገን እኩል የተከፈተ በር መሆኑ ደግሞ ቡድን ለመገንባት ሁለትና ሦስት ዓመት ለሚጠይቅ ሥራ የሚመች አይደለም። ቤንፊካ ከሁለቱ አደጋዎች አነስተኛውን መርጧል ማለት ይቻላል።

ምርጫው በኦክቶበር 25 ቀን 2025 ሲካሄድ ከ85 ሺህ በላይ አባላት ድምፅ ሰጥተዋል። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ባለመኖሩ ሩይ ኮስታና ዦአው ኖሮኛ ሎፔስ በኖቬምበር 8 ለሁለተኛ ዙር ቀርበው ሩይ ኮስታ አሸንፈዋል። በ2000 በተመሳሳይ ወቅት ቀጣሪያቸው የተሸነፉባቸው አሰልጣኝ በዚህ ጊዜ ከምርጫው ማግሥት ወደ ልምምድ ሜዳ የሄዱት ከቀጠሯቸው ፕሬዚዳንት ጋር ሆነው ነው።